ዓለም ሳጋ ዳገት ላይ ያጠፋኋት መብራት

ጋቢና የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሾፌር ነው። ይህን የምለው ነገር ፍለጋ አይደለም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። መሪውን የያዘው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ከጎኑ ያለው ወለሉን በእግሩ ይረግጣል፤ ፍሬን የያዘ ይመስለዋል። መታጠፊያ ሲመጣ ትከሻውን ያዘነብላል፤ መኪናው በእሱ ትከሻ የሚታጠፍ ይመስል። ላም መንገድ ስታቋርጥ «ላም! ላም!» ብሎ ይጮኻል፤ ሾፌሩ ላምዋን ያላያት ይመስል። ከዚያ ቦታው ሲደርስ ወገቡን ይዞ ይወርድና «ኧረ መንገዱ እንዴት አደከመኝ!» ይላል። ምን ሠርቶ እንደደከመው ግን ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

ጋቢና የተቀመጠችው እናት ስትሆን ደግሞ ይብሳል። እናት ዝም ብላ መቀመጥ ማን አስተምሯት! እጇ ሥራ ካጣ የልጇን ኮሌታ ያቃናል፣ ከነጠላው ጥለት ክር ይመዛል፣ አቧራ ያገኘበትን ሁሉ ይጠርጋል። እኔ ይህን ጠባዬን ስለማውቀው መኪና ስሳፈር ዳዊቴን በሁለት እጄ ይዤ ነው። ዳዊት የያዘ እጅ ሌላ ነገር አይነካም ብዬ።

ይነካል።

ልጄ ብርቄ አረብ አገር ሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ ካቻምና ተመለሰች። አብረዋት የሄዱት ልጆች አንዷ ቤት ሠራች፣ አንዷ የልብስ ሱቅ ከፈተች፣ አንዷ አገባች። የእኔዋ ግን አንድ አሮጌ ደብል ጋቢና ፒካፕ ገዛች፤ ቀጥላም ወረታ ወርዳ ባለ ሁለት ጎማ የእህል መውቂያ ማሽን ተዋዋለች። ሐሳቧ ማሽኑን በፒካፑ እየጎተተች በመኸር ወራት ከአውድማ አውድማ መዞር፣ የጉና ሥር ገበሬዎችን ገብስና ስንዴ መውቃት ነው። ሰባት ዓመቷ በሙሉ ተሰብስቦ እዚያ ሁለት ነገር ላይ ተቀመጠ፤ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይጎተታል።

ታዲያ ፒካፑ አውቶማቲክ ነበር። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ፍሪሲዮን የሚባለው ሦስተኛው መርገጫ የለውም፤ ማርሹንም ራሱ ነው የሚቀያይረው። ብርቄ መንዳት የተማረችው እዚያው ሠርታ በኖረችበት አገር፣ የማዳሟን ልጆች ትምህርት ቤት ስታመላልስ ስለሆነ ሌላ ዓይነት አታውቅም። ደብረ ታቦር ላይ ግን መኪና አውቃለሁ የሚል ሰው ሁሉ አውቶማቲክን የሚያየው ሰነፍ የሚቀመጥበት ወንበር አድርጎ ነው። ከሁሉም የባሱት ጎረቤታችን አያ ሙጬ ናቸው። አያ ሙጬ ጉልምስናቸውን በሙሉ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ መኪናውም የለም፣ ጡረታም ወጥተዋል፤ የቁልፍ መያዣው ግን ቀበቶአቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሲራመዱ ይንቃጨላል።

«ብርቄ፣» አሏት አንድ ቀን በአጥር ላይ አሻግረው፣ «ይቺ መኪናሽ ፍሪሲዮን የላት፣ ወግ ያለው ማርሽ የላት። እንግዲህ ያን ሁሉ ብረት በምን ልትጎትችው ነው፤ በጸሎት?»

«እናቴ ትጸልያለች፣ እኔ እነዳለሁ፤ ምን ጎደለን አያ ሙጬ?» አለቻቸው።

ፊት ለፊታቸው እንዲህ ትበል እንጂ ቤት ስትገባ ሌላ ነበረች። ማሽኑን ልናመጣ የምንወርድ ዕለት ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ «እማዬ፣ አልዋሽሽም» አለችኝ። «ይቺ መኪና ጉና ወጥታ ይህን መኸር ከሠራችልኝ እቀመጣለሁ። ካልቻለች ግን ሁለቱንም ሸጬ እመለሳለሁ። ማዳሜ ዛሬም ትደውላለች።»

«እሺ» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ሰባት ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስሟን ስጠራ ኖሬ፣ ከመጣችም በኋላ በየሌሊቱ በሯን ገፋ አድርጌ መኖሯን የማየው እኔ፣ «እሺ» አልሁ። ነጠላዬን አጣፋሁና ዳዊቴን ይዤ ጋቢና ገባሁ።

አያ ሙጬም መጡ። ማንም አልጠራቸውም። «ተሳቢ የጎተተ ሰው ተሳቢ ሲጎተት ዝም ብሎ አያይም» ብለው የኋላውን በር ከፍተው ተቀመጡ። ሽማግሌ ሰው መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ ውረዱ የሚባልበት ቋንቋ እኛ አገር አልተፈጠረም።

ወረታ ላይ ብርቄ ማሽኑን ከፒካፑ ጭራ አጋጥማ፣ ሰንሰለቱን በመስቀልኛ አሰረች፤ የተሳቢው መብራት መብራቱን አየች፤ ከዚያ ኮፈኑን ከፍታ ካምቢዮ ከሚሉት የማርሽ ሣጥን ረጅም ቀጭን ዘንግ መዘዘችና ዘይቱን አሳየችኝ። «ይኸው እማዬ፣ ሲቀላ ጤነኛ ነው» አለች። እንደ ቀይ ወጥ ዘይት ቀይ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ የነቢያት ጾም ነው፤ እንዲህ ያለ ምሳሌ ለምን እንደመጣልኝ እንጃ።

ፎገራ ሜዳ ላይ ያለው መንገድ አንድም አላስቸገረን። ዳገቱ ሊጀምር ሲል ብርቄ ከማርሹ እጀታ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች። ወዲያው ከመሪው ጀርባ ካለው ሰሌዳ ላይ አንዲት ብርቱካንማ መብራት ቦግ አለች። ይህችን መብራት ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ፒካፑ እንደተገዛ ለጉልበቴ ብላ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስዳኝ ነበር፤ ያኔ ባዶ መኪና ነበር፣ ሐሙሲት ድረስ ስንሄድም ስንመለስም አልበራችም።

አሁን እዚህ ላይ ፍረዱኝ። እኔ በቀን መብራት ሲበራ ማየት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። በቤቴ ብቻ አይደለም፤ ሰው ቤት ለቅሶ ተቀምጬ እንኳ በረንዳቸው ላይ በፀሐይ የበራ አምፖል ካየሁ እስካጠፋው ድረስ ሐዘኑ አይሰማኝም። መብራቷ ላይ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደል ነበረባት። ከስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ የተረፈችኝ ያቺ «ኦፍ» የምትለዋ ቃል ናት፤ የእህል ወፍጮ ቤቱም ማብሪያ ማጥፊያ ላይ አለች። ጠፍቷል ማለት ነው። ጠፍቷል እያለ የሚበራ መብራት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጄ ሳታስበው የነካችው ነገር ነው አልሁ በልቤ።

መናገር እችል ነበር። «ብርቄ፣ ይህ ምንድን ነው?» ማለት ምን ይከብዳል? ግን ከኋላችን አያ ሙጬ ነበሩ። አፋቸውን አሹለው ጥፋት የሚጠብቁ ሰው፣ «አየሽ! መብራት እንኳ ረስታ በቀን እያበራች!» ብለው እስከ ገበያው ድረስ የሚያወሩት ነገር ላገኝላቸው ነው? የልጄን ገመና እኔ ካልሸፈንሁ ማን ይሸፍናል? ብርቄ መታጠፊያውን ለመያዝ ሁለት እጇን መሪው ላይ ስታደርግ ጠብቄ፣ ከነጠላዬ ሥር እጄን ሰደድሁና ያችን ቁልፍ ጫን አደረግኋት።

ጠፋች። እፎይ ብዬ ወደ ዳዊቴ ተመለስሁ።

ሁለት መዝሙር ሳልደግም መኪናዋ ጠባይዋ ተለወጠ። ሞተሩ አንዴ ያጓራል፣ አንዴ ድምፁ ተውጦ ይዝላል፤ ደግሞ ያጓራል። ወዲያ ገፋ፣ ወዲህ ሳብ ያደርገናል። ብርቄ ሰሌዳውን አየችና ግንባሯን ቋጠረች፤ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች፤ መብራቷ በራች። እኔ ደግሞ ይህች ቁልፍ ላልታ መሆን አለበት፣ በራሷ እየበራች ልጄን ልታዋርድብኝ ነው አልሁ። ቀጣዩን መታጠፊያ ጠብቄ አጠፋሁ። እሷ አበራች። አጠፋሁ። ዓለም ሳጋ ደን ውስጥ እስክንገባ ድረስ እናትና ልጅ አንዲት መብራት ላይ እንዲህ ስንሠራ፣ አንዳችን የሌላችንን እጅ ሳናይ፣ ከኋላ አያ ሙጬ ያስተምራሉ።

«ይሰማሻል ብርቄ? ማርሽ አጥታ እየቃዠች ነው። እኔ ብሆን እዚህ ጋ ሁለተኛ አስገብቼ ነበር።»

«ኧረ ይተውኝ አያ ሙጬ፣ መንገድ ላይ ነኝ።»

«እተውሻለሁ። ዳገቱ ግን አይተውሽም።»

ቀጥሎ ሽታው መጣ። ሥሩን የያዘ ሽሮ ስታቃጥሉ የሚወጣውን ሽታ ታውቁት የለ፤ እሱን ነው የሚመስለው። ከዚያ ሌላ መብራት በራ፤ ይኸኛው ቀይ ነው። ይህን አልነካሁትም። ቀይ መብራት መፍራት ማንም ሳያስተምር የሚመጣ ነገር ነው።

ብርቄ ዳር ይዛ ቆመች። አያ ሙጬ ከመቅጽበት ወርደው ከፒካፑም ከማሽኑም ጎማ ኋላ ድንጋይ አስደገፉ፤ ለሥራ ሲሆን ሰነፍ አይደሉም፣ ይህን ልክድ አልችልም። «ሞተሩን አጥፊው! ውሃ ይደፋበት!» አሉ። ብርቄ ግን አላጠፋችም። ማርሹን ማቆሚያው ላይ፣ የእጅ ፍሬኑንም ያዝ አድርጋ ሞተሩን እንዲሁ ተወችው። «ዘይቱ እየዞረ ነው የሚበርደው አያ ሙጬ። ባጠፋው የጋለው እዚያው ይቀራል» አለች። ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር። ከጥዱ ሥር ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ያ ጀርባ አውሮፕላን ጣቢያ ሲሄድ ያየሁት ጀርባ ነው።

ሽታው ሲጠፋና ቀዩ መብራት ሲጠፋ ልንሄድ ተነሣን። አያ ሙጬ ያን ጊዜ አዋጅ አወጁ። «ከእንግዲህ ጋቢና የሚቀመጠው የሚያውቅ ሰው ነው። አንቺ እቴ ወደ ኋላ ሂጂ።» ሄድሁ። እሳቸው ከብርቄ ጎን ተደላድለው ተቀመጡና ክንዳቸውን በመስኮት አወጡ።

እኔም ከኋላ ወንበር በሁለቱ ትከሻ መካከል አየሁት። ብርቄ ቁልፏን ጫነች፤ ብርቱካንማዋ መብራት በራች፤ ከዚያም እንደበራች ቀረች። አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋችም። ሞተሩ አንድ ዓይነት ድምፅ ይዞ፣ ሳያጓራ፣ ሳይዝል፣ ዝግ እያለ ያን ሁሉ ብረት እየጎተተ ደብረ ታቦር አስገባን። ጠብቶ እንደጠገበ ጥጃ ዝም ያለ መኪና ነው የሆነው። እኔ ግን ዝም ያለ ልብ አልነበረኝም። እጄን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ አየሁት። ይህች ጣት ምን ሠርታ ይሆን?

አያ ሙጬ በራችን ላይ ሲወርዱ፣ «አየሽ? መኪና የተቀመጠበትን ሰው ያውቃል» አሏት።

በማግስቱ ብርቄ መኪናዋን ወደ መልካሙ ጋራዥ ወሰደች። መልካሙ የጎረቤት ልጅ የነበረ፣ አሁን ራሱን የቻለ ትሑት መካኒክ ነው። እሷ የነገረችው ያየችውን ነው፤ ዳገት ላይ የኦቨርድራይቩ ቁልፍ በራሱ እየጠፋ ያስቸግራል አለችው። መልካሙም መጀመሪያ የማርሹን እጀታ ፈታ፣ ከዚያ ሰሌዳውን ፈታ፣ ከዚያ ከሰሌዳው ኋላ ያለውን ሽቦ ሁሉ ፈታ። ምሳ ይዤላቸው ስሄድ ያቺ መኪና ሆድ ዕቃዋ ተዘርግቶ አገኘኋት። ልጁ በግንባሩ ላብ የእኔን ጣት ይፈልጋል፤ ጣቴ ደግሞ እዚያው የምሳ ዕቃውን ይዛ ቆማለች።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ሁለት ጊዜ ከፈትሁ። መጀመሪያ ደንበኛ ገባ፤ ሁለተኛው ላይ ማንም አልገባም፣ እኔው ነኝ የዘጋሁት። እርግጠኛም አይደለሁ አልሁ ለራሴ። መብራት ማጥፋት እንዴት ካምቢዮ ያቃጥላል? ሰው ራሱን ነጻ ለማውጣት ሲፈልግ እንዴት ያለ ጠበቃ እንደሚሆን አይታችኋል?

ማታ ራት ላይ ብርቄ እህሉን አልነካችም። «መልካሙ ጥፋቱን ካላገኘው ጉና ይዤያት አልወጣም» አለች። «ለገበሬዎቹ ሐሙስ ብያለሁ። ገብሳቸው ተከምሮ ይጠብቀኛል።» ትሪውን ወደ እኔ ገፋችና፣ «የሚገዛት ሰው አለ፤ ነገ ከሰዓት አያታለሁ ብሏል» አለች። ስለ ማዳሟ አላነሣችም። ማንሣትም አላስፈለጋትም።

ጠዋት ከኪዳን ጸሎት በኋላ የነፍስ አባቴን ከዋርካው ሥር አገኘኋቸውና ጫማቸው ሥር ቁጭ አልሁ።

«አባ፣ በድያለሁ።»

«ማንን?»

«ልጄን።»

«በምን?»

«መብራት አጥፍቼባት።»

«መብራት ማጥፋት ምን በደል አለው?»

«የመኪና ነው አባ። ኦቨርድራይቭ ይሉታል።»

የእጅ መስቀላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

እንግዲህ ኃጢአቴን ለመናገር የፈጀሁት አፍታ ነው፤ ኦቨርድራይቭን ለማስረዳት ግን ፀሐዩ ከዋርካው ቅርንጫፍ ወደ አባ ቆብ እስኪደርስ ፈጀ። ራሴም አላውቀውም እኮ! ቁልፏን ነገርኋቸው፣ መብራቷን ነገርኋቸው፣ ሽታውን ነገርኋቸው፣ ብርቄ ልትሸጣትና ልትሄድ መሆኑንም ነገርኋቸው። አባ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ?»

«አዎ አባ።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ? ጋራዥ ሂጂ እንጂ።»

ሰባት ስግደት ስገጂ አሉኝ። ወዲያው ለመጀመር ከፍ ዝቅ ስል ግን ትከሻዬን ያዙኝ። «ስግደቱ ከነገርሻት በኋላ ነው። ለእግዚአብሔር ጉልበትሽን ሰጥተሽ ልጅሽን አታታልያት።»

ጋራዥ ስደርስ ሁሉም ነበሩ። ብርቄ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች፤ አያ ሙጬ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል፤ መልካሙ ካቻቢቴውን ይዞ ሽንፈቱን እየተናገረ ነው።

«ሽቦው ደህና ነው፣ ፊውዙ ደህና ነው፣ ቁልፉም ደህና ነው። በራሷ የምትጠፋ ከሆነ ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው ማለት ነው። ባሕር ዳር ወስዶ ማስወረድ ነው ብርቄ፤ እኔ ከዚህ በላይ አልነካውም።»

«እኔ ጋቢና ተቀምጬ ግን ጠፍታ ታውቃለች?» አሉ አያ ሙጬ። «ብርቄን ጠይቃት እስቲ! መኪናዋ አስተዳደር ነው የጎደላት።»

«ተዉት በቃ» አለች ብርቄ። «መልካሙ፣ ግጠማት። ሰውየው ከሰዓት ይመጣል።»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ሁሉም ዞሩ። «ምኑ እማዬ?»

«መብራቷ በራሷ አልጠፋችም። እኔ ነኝ ያጠፋኋት።»

የመልካሙ ካቻቢቴ አየር ላይ ቀረ። ብርቄ አንድ ርምጃ ቀረበችኝ። «መቼ?»

«ዳገቱ ላይ። አንቺ ስትታጠፊ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አራት» አልሁ። ቀጥሎ ጾም መሆኑ ትዝ አለኝና፣ «አምስት» አልሁ።

«ቆይ፣ ለምን? ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አያ ሙጬ ከኋላ ነበሩ። መብራት ረስታ በቀን ታበራለች ብለው እንዳያሙሽ ብዬ ነው። ሳያዩት ላጥፋልሽ ብዬ...»

ብርቄ ከጎማው ሥር ቁጢጥ ብላ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጌታዬ ሆይ፣ አስለቀስኋት አልሁ። ቀና ስትል እየሳቀች ነው። ዓይኗ ግን ደረቅ አልነበረም።

አያ ሙጬ ግን ተቆጡ። «እኔ ላማ? እኔ? መብራቷንስ መች አየኋትና! መነጽሬን ቤት ረስቼ እኮ ነው የሄድሁት!»

እስቲ እንግዲህ። ያን ሁሉ ዳገት የተደበቅሁት ከማያይ ሰው ነው። መንገዱን በሙሉ ሲያስተምሩን የነበሩትም መንገዱን ሳያዩት ነው።

መልካሙ ሳቁን ጨርሶ ሲያበቃ ጎማ አንከባሎ አስቀመጠኝና አስረዳኝ። ለእናንተም እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ ነገ የልጃችሁ ጋቢና ውስጥ ትገቡ ይሆናል። ኦቨርድራይቭ ማለት ከማርሾቹ ሁሉ ላይኛው ነው፤ ረጅም እርምጃ በሉት። ሜዳ ላይ፣ መኪናው ባዶ ሆኖ ሲሄድ፣ ሞተሩ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ጎማው ይፈጥናል፣ ነዳጅም ይተርፋል። ከኋላው ከባድ ነገር እየጎተተ ዳገት ሲወጣ ግን ያ እርምጃ አይሆነውም። እንስራ አዝላችሁ ከወንዝ ወጥታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ እርምጃችሁን የምታሳጥሩት ማንም ነግሯችሁ አይደለም። አውቶማቲኩም ያሳጥራል፤ ትንሽ ሲቀለው ደግሞ ልክፈት ይላል፣ ከፈት ሲያደርግ ያቅተዋል፣ ተመልሶ ያሳጥራል። በዚህ መወላወል ውስጥ ነው ዘይቱ የሚግለው፤ ዘይቱ ሲቃጠል ካምቢዮው አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ አዋቂ ሾፌር ዳገቱ ሳይጀምር ኦቨርድራይቩን ያጠፋዋል። መብራቷ የምትበራው «ጠፍቷል፣ ልብህን አሳርፍ» ለማለት ነው። ልጄ እያጠፋችው፣ እኔ እንዳበራሁት እንኳ ሳላውቅ ሳበራባት ነበር ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ እንዲይዛት ማድረግ እንጂ የእኛ ሾፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ እንደሚያደርጉት ነጻ ለቆ መንደርደር ለካምቢዮዋም ለነፍሳችንም ደግ አይደለም አለ መልካሙ። አያ ሙጬ እዚህ ላይ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

ዘይቱ ቡናማ ሆኖ ወጣ። «አልጠቆረም» አለ መልካሙ በጣቱ መሐል እያሸው፣ «በጊዜ መቆሟና ሞተሩን አለማጥፋቷ ነው ያዳናት። ሾፌሯ ታውቃለች።» ይህን ያለው ከፍ ባለ ድምፅ ነው፤ ወደ አሮጌው ጎማ እያየ። አዲስ ቀይ ዘይት ሞላላት። ሊገዛት የመጣው ሰው ዞር ዞር ብሎ አይቷት ሄደ፤ የምትሸጥ አይደለችም ተባለ። እኔ ቤቴ ገብቼ ሰባቱን ሰገድሁ። ጉልበቴ ይመስክር፣ ስምንት ሳይሆን አይቀርም።

ሐሙስ ጠዋት ክምር ድንጋይ ከተማን አልፈን ወደ ጉና ሥር ወጣን። ከኋላ ልቀመጥ ብል ብርቄ እምቢ አለች፤ «ጋቢና ግቢ እማዬ፣ ይህን መብራት የሚጠብቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለችኝ። ከከተማ ስንወጣ ቁልፏን ጫነች። የጭነት መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ያልፉናል፤ እሷ አልተቻኮለችም። ዳገቱ መካከል ላይ ሜዳ አገኘችና ሳይጨንቃት ቆማ ትንሽ አሳረፈቻት። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ተይዘን፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ ፍሬን ሳናቃጥል ወረድነው። እኔ ዳዊቴን ስገልጥ ዓይኔ ወደ ሰሌዳው፣ ዓይኔን ስመልስ እጄ ወደ ሰሌዳው ይሄዳል። እጄን በዳዊቱ ላይ ተጫንሁት። መዝሙሩ ሳይደገም ቀረ፤ እጄ ግን ታቀበ።

አያ ሙጬ አልመጡም። ከተማው ውስጥ ግን፣ ያቺ አውቶማቲክ እሳቸው ጋቢና ተቀምጠው ካስተካከሏት ወዲህ ዳገት አይበግራትም እያሉ እንደሚያወሩ ሰማሁ። ተዉአቸው። እኔ ልናገር ብል የእኔም ይነሣል።

የመጀመሪያው አውድማ የአንዲት ባልቴት ገበሬ ነበር፤ ልጆቿ ከተማ የወጡ፣ በሬዋን አበድራ በሰው እጅ የምታርስ ሴት ናት። ማሽኑ ሲያጓራ ገብሱን ከክምሩ እየወሰዱ አጎረሱት፤ ምርቱ በአንድ ጎን እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ገለባው በሌላው ጎን ጭስ መስሎ ይነሣል። በበሬ ሲሆን ቀናት የሚፈጅባት ክምር ቀን ሳይጋደም አለቀ። ማሽኑ ቆመ። ሰው ሁሉ ልብሱን ሲያራግፍ ሴትየዋ ቆሎ በሰፌድ ይዛ መጣችና ብርቄን አንድ ነገር ጠየቀቻት። እኔ ከመጣች ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ልጠይቃት ፈልጌ ደፍሬ የማላውቀውን ነው።

«ልጄ፣ ለከርሞስ አለሽልኝ?»

ብርቄ ከጭንቅላቷ ሻሽ ላይ ገለባ እየለቀመች ነበር። ቀናም አላለች፤ እንደ ተራ ነገር ነው የመለሰችው። «አለሁ። ለከርሞ ግን ክምሩን ወደ መንገዱ አስጠጉት፤ ማሽኑን እዚህ ድረስ ማስገባት አድክሞኛል። ከዚያ የሚቀጥለውንም ዓመት ቢሆን እንዲሁ አድርጉት።»

ለከርሞ። ከዚያ የሚቀጥለውንም ዓመት።

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረችና ደነገጠች። «እቴ፣ ምን ሆንሽ? ዓይንሽ!»

ገለባ ገብቶብኝ ነው አልኋት። ማሽኑ ከቆመ ግን ቆይቷል፤ ነፋስም አልነበረም።